ለሕፃን የሚገዛ ባክቴሪያ፦ በፓኬቱ ውስጥ ስንቱ በሕይወት አለ?

ባለፈው ሰኔ አጋማሽ ላይ አንዲት ጎረቤቴ አንድ ዓመት ከአራት ወር የሆነውን ልጇን አዝላ፣ ሦስት ካርቶኖች በፌስታል አንጠልጥላ ከቤቴ መጣች። ልጁን ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስቀምጠው ሰንብቷል። ከካርቶኖቹ አንዱን አራዳ ካሉት መድኃኒት ቤቶች ከአንዱ ገዝታዋለች፤ ሁለተኛውን እህቷ ከአሜሪካ በሰው እጅ ልካላታለች፤ ሦስተኛው ደግሞ ከአማቷ የተሰጣት ሲሆን ጽሑፉ በቱርክኛ ነው። ሦስቱም «ፕሮባዮቲክ» ይላሉ። «ጋሼ፣ እርስዎ ውጭ አገር የተማሩ ሰው ነዎት፤ ለልጁ የሚሆነው የትኛው እንደሆነ ያንብቡልኝ» አለችኝ።

እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ጎረቤቴም ይህን አሳምራ ታውቃለች፤ ይሁን እንጂ በሰፈራችን «ዶክተር» የተባለ ሰው ሁሉ መድኃኒት ያውቃል ተብሎ ይታመናል። ስለ ካርቶኖቹ አንዳች ነገር ከመናገሬ በፊት ልጁ ምን እየጠጣ እንደሆነ ጠየቅኋት። ጡት አልፎ አልፎ እንደሚጠባ፣ ነገር ግን ከጠዋት ጀምሮ ሽንት እንዳልሸና ነገረችኝ። ኦ.አር.ኤስ. ገዝታ እንደሆነ ስጠይቃት፣ «እሱማ የድሮ ነው፤ አዲሱ ይኼ ነው ቢሉኝ ገንዘቤን በዚህ ጨረስኩት» ብላ የመጀመሪያውን ካርቶን አሳየችኝ።

እናትና ልጅ ያለ መዘግየት ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ፤ ሦስቱ ካርቶኖች ግን ጠረጴዛዬ ላይ ቀሩ። ማታ ተቀምጬ አነበብኳቸው። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሳሳኝም ያ ንባብ ነው። በአገራችን በየቤቱ የመድኃኒት ካርቶን የሚያነበው ብዙውን ጊዜ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ተማሪ ነውና፣ ለእናንተም ለአንባብያን አንድ ቀን እንዲህ ያለ ፌስታል ሊቀርብላችሁ ይችላል።

ለመሆኑ ፕሮባዮቲክ ምንድን ነው?

ሐሳቡ የመቶ ዓመት ዕድሜ አለው። በፓሪስ የፓስተር ተቋም ይሠራ የነበረውና እ.ኤ.አ. በ1908 ከፓውል ኤርሊክ ጋር የኖቤል ሽልማት የተጋራው ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኢሊያ ሜችኒኮቭ፣ የቡልጋርያ ገበሬዎች ረጅም ዕድሜ የሚኖሩት የኮመጠጠ ወተት ስለሚጠጡ ነው የሚል እምነት ነበረው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሜችኒኮቭ የሽልማቱ ባለቤት የሆነው በእርጎ ሳይሆን ስለ ሰውነት የመከላከል ኃይል ባደረገው ምርምር መሆኑን የማስታወቂያ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ ይዘነጉታል።

ዛሬ የምንጠቀምበትን ትርጓሜ የሰጡት የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እና የዓለም ጤና ድርጅት በ2001 በአርጀንቲና ኮርዶባ ከተማ የሰበሰቧቸው ባለሙያዎች ናቸው። በእነርሱ አገላለጽ ፕሮባዮቲክ ማለት በበቂ መጠን ሲሰጡ ለተቀባዩ የጤና ጥቅም የሚያስገኙ ሕያዋን ረቂቅ ተሕዋስያን ማለት ነው። ትርጓሜው አጭር ይሁን እንጂ ሦስት ሊለኩ የሚችሉ ነገሮችን ይጠይቃል፤ ተሕዋስያኑ በሕይወት መኖር አለባቸው፣ ብዛታቸው መታወቅ አለበት፣ ጥቅማቸውም በሙከራ መረጋገጥ አለበት። አንድ ፓኬት ከሦስቱ አንዱን ካላሟላ በካርቶኑ ላይ የተጻፈለት ስም አይገባውም።

ስም ከነአባቱና ከነአያቱ

ከመድኃኒት ቤት የተገዛው ካርቶን የያዘው «ላክቶባሲለስ እና ቢፊዶባክቴሪየም» የሚሉ ሁለት ቃላት ብቻ ነበር። እንዲህ ያለው አጻጻፍ አራዳ ገበያ መካከል ቆሞ «አበበ!» ብሎ እንደመጣራት ነው፤ ሃያ ሰው ዞር ይላል። የምንፈልገውን አበበ ለማግኘት የአባቱንና የአያቱን ስም መጨመር ግድ ይሆናል። የባክቴሪያም ስም እንዲሁ ሦስት ደረጃ አለው፤ እነርሱም ወገን፣ ዝርያ እና ዘር ናቸው። ለምሳሌ በሙከራ ብዙ ከተጠኑት አንዱ «ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ ጂጂ» ይባላል። መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለት ፊደላት ጎርባክ እና ጎልዲን የተባሉትን በአሜሪካ የተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያመለክታሉ።

የመጨረሻዋ ስም ለምን ያህል ትጨነቃላችሁ ለሚል አንባቢ አንድ ምሳሌ ይበቃል። ኢሸሪሺያ ኮላይ የተባለው ዝርያ በሁላችንም አንጀት ይኖራል። ከዘሮቹ አንዱ ኒስል 1917 ተብሎ በአውሮፓ ለሕክምና የሚሸጥ ሲሆን፣ ሌላው ዘር ኦ157፡ኤች7 ደግሞ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ አስከትሎ የሕፃናትን ኩላሊት ያበላሻል። ሁለቱ በስምና በአባት ስም አንድ ናቸው።

በነገራችን ላይ በ2020 ሳይንቲስቶች ላክቶባሲለስ የተባለውን ሰፊ ወገን በዘረመል ጥናት መሠረት ወደ 25 ወገኖች ከፋፍለውታል። በመሆኑም ከላይ የጠቀስነው ባክቴሪያ በአዲሶቹ ካርቶኖች ላይ «ላክቲካሴይባሲለስ ራምኖሰስ» ተብሎ ይገኛል። ባክቴሪያው ያው ነው፤ ስሙን የቀየሩት ሰዎች ናቸው።

አሥር ቢሊዮንን መቁጠር

የአሜሪካው ካርቶን በደማቅ ቀለም «10 ቢሊዮን» ይላል። ለአንድ የፊዚክስ ሰው ከዚህ የበለጠ የሚስብ ጽሑፍ የለም። ማን ቆጠረው? እንዴትስ ተቆጠረ?

አሠራሩ ቀላልና ብልሃት የተሞላበት ነው። ዱቄቱን በውኃ በጥብጦ አንድ እጅ ከዘጠኝ እጅ ንጹሕ ፈሳሽ ጋር መቀላቀል፣ ከዚያም እንደገና አንዱን እጅ ከዘጠኝ እጅ ጋር መቀላቀል፣ እንዲህ እያሉ መቀጠል ነው። 8 ጊዜ በ10 በ10 ሲቀጠን 10 ቢሊዮኑ ወደ 100 ይወርዳል። ይህ ቀጭን ፈሳሽ በምግብ በተሞላ ሳሕን ላይ ተዘርግቶ በተስማሚ ሙቀት ሲያድር፣ እያንዳንዱ ሕያው ባክቴሪያ ተራብቶ በዓይን የሚታይ ነጠብጣብ ይሠራል። ነጠብጣቦቹን ቆጥሮ በ100 ሚሊዮን ማባዛት ብቻ ይቀራል። የሞተ ባክቴሪያ ነጠብጣብ አይሠራም፤ ስለዚህ በዚህ መንገድ የሚገኘው ቁጥር የሕያዋኑ ብቻ ነው። በየባዮሎጂ ላቦራቶሪው ሊሠራ የሚችል ሥራ ነው።

ነገር ግን ቁጥሩ የተወሰደው መቼ ነው? በአሜሪካው ካርቶን ጎን በጥቃቅን ፊደላት «በተመረተበት ጊዜ» የሚል ተጽፏል። ልክ እንደ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር፣ በደረቅ ዱቄት ውስጥ የተኙ ባክቴሪያዎችም በየጊዜው የተወሰነ ክፍልፋያቸው እየሞተ ይሄዳል። አንድ ስሌት እንሥራ። ቁጥሮቹ ለምሳሌነት የተወሰዱ ናቸው እንጂ የአንድ የተወሰነ ምርት ልክ አይደሉም። ፓኬቱ በማቀዝቀዣ ተቀምጦ የባክቴሪያዎቹ ቁጥር በየዓመቱ በግማሽ ቢቀንስ፣ ከ2 ዓመት በኋላ ከ10 ቢሊዮኑ 2.5 ቢሊዮን ይቀራል። ሙቀት ባለበት ቦታ ተቀምጦ በየ2 ወሩ በግማሽ ቢቀንስ ግን በዚያው 2 ዓመት ውስጥ 12 ጊዜ ይገመሳል። 2 በራሱ 12 ጊዜ ሲባዛ 4,096 ይሆናልና፣ የሚተርፈው ወደ 2.4 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው 10 ቢሊዮን ግን ቀለሙ እንኳ አይደበዝዝም።

የሞቱን ፍጥነት የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ሙቀትና እርጥበት ናቸው። ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ በ1889 እንዳሳየው የኬሚካዊ ለውጦች ፍጥነት ከሙቀት ጋር በከፍተኛ መጠን ያድጋል፤ እንደ ሻካራ ግምት በየ10 ዲግሪው በ2 ወይም በ3 እጥፍ ይጨምራል። የጎንደር አየር ለዚህ ዓይነት ዕቃ ክፉ አይደለም፤ ደባርቅና ዳባት ደግሞ ከዚህም ይሻላሉ። ችግሩ ያለው መንገዱ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ጣሪያ ላይ ተጭኖ፣ ዓባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ፣ ወይም በመተማ ቆላ በኩል አልፎ የሚመጣ ካርቶን ስንት ቀን በምን ያህል ሙቀት እንደቆየ የሚነግረን የለም። እርጥበቱም ከዚህ አይተናነስም። ባክቴሪያዎቹ የተኙት ውኃ ስለሌላቸው ነው፤ ጥቂት እርጥበት ሲገባላቸው ከእንቅልፋቸው ይነቃሉ፣ የሚበላ ግን የላቸውምና ያልቃሉ። የጥሩ ምርት ፓኬት እንደ ብር በሚያብለጨልጭ ቅጠል የሚታሸገው ለዚህ ነው። የተቀደደ ወይም ዱቄቱ የተጓጎለ ፓኬት መጣል ያለበት ነው። አንዳንድ እናቶች ዱቄቱን ትኩስ አጥሚት ውስጥ ይበጠብጡታል፤ ያን ጊዜ በሕይወት የደረሱትም ጥቂቶች እዚያው ይቀቀላሉ።

ባሲለስ የተባለው ወገን ግን ጠንካራ ልባስ ያለው የተኛ ሕዋስ፣ ማለትም ስፖር፣ ስለሚሠራ ሙቀትን በእጅጉ ይቋቋማል። ሆኖም መንገድ ችሎ መድረስ አንድ ነገር ነው፤ ደርሶ መጥቀም ሌላ።

ደርሰውስ ምን ይሆናሉ? በ2016 የወጣ ስሌት በአንድ አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ 38 ትሪሊዮን ያህል ባክቴሪያ እንደሚኖር ይገምታል፤ አብዛኛው በትልቁ አንጀት ነው። 10 ቢሊዮን ሲባል ብዙ ይመስላል፤ ከ38 ትሪሊዮን ጋር ሲነጻጸር ግን ከ3,800 አንድ ነው። የሕፃን አንጀት ከአዋቂው ቢያንስም ሠፈሩ ባዶ አይደለም። በእናት ጡት ወተት ውስጥ ሕፃኑ ራሱ ሊፈጨው የማይችል የስኳር ዓይነት አለ፤ በአንድ ሊትር ከ5 እስከ 15 ግራም ይደርሳል። እናት የማይፈጭ ምግብ ለምን ታመርታለች? መልሱ እጅግ የሚያስደንቅ ነው፤ ምግቡ የሕፃኑ ሳይሆን በአንጀቱ የሚኖረው የቢፊዶባክቴሪየም ነው። ጡት የሚጠባ ሕፃን ጠቃሚ ባክቴሪያዎቹን በየቀኑ እየቀለበ ያሳድጋል። ማኅበራቸው ወደ አዋቂዎቹ የሚጠጋው በ3 ዓመት ዕድሜ አካባቢ ነው። ከፓኬት የመጡ እንግዶች በዚህ ሠፈር ብዙውን ጊዜ አይሰነብቱም፤ መስጠቱ ሲቆም በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይጠፋሉ።

ሙከራዎቹ ምን ይላሉ?

«የእኔ ልጅ በእሱ ነው የዳነው» የሚል ምስክርነት በየሰፈሩ አለ። ምስክሮቹን ውሸታም ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ በሕፃናት ላይ የሚከሰት ድንገተኛ ተቅማጥ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሳምንት ውስጥ በራሱ ይቆማል። በሦስተኛው ቀን የተሰጠ ማንኛውም ነገር፣ የቤተሰቡም ጸሎት ቢሆን የመድኃኒት ቤቱም ዱቄት፣ በአምስተኛው ቀን ምስጋና ይቀበላል። ይህን ለመለየት ሕፃናቱን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን እውነተኛውን ለሌላው ተመሳሳይ መልክና ጣዕም ያለው ባዶ ዱቄት መስጠት፣ የትኛው ለማን እንደተሰጠም ከሐኪሙና ከወላጁ መሰወር ያስፈልጋል።

በቀደሙት ዓመታት እንዲህ ያሉ ብዙ ትንንሽ ሙከራዎች ተደርገው ፕሮባዮቲክ ተቅማጥን በአንድ ቀን ያህል ያሳጥራል የሚል ተስፋ ሰጥተው ነበር። እዚህ ላይ ተማሪዎቻችን ከላቦራቶሪ የሚያውቁት ሕግ ይመጣል። የአጋጣሚ መዋዠቅ የሚቀንሰው በተመልካች ብዛት ስኩዌር ሩት ልክ ነው። በ40 ሕፃናት ላይ መዋዠቁ 16 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ በ900 ላይ ወደ 3 በመቶ ይወርዳል። ከትንንሾቹ ሙከራዎች መካከል ጥሩ ውጤት ያሳየው ለኅትመት ሲበቃ፣ ያላሳየው በመሳቢያ ውስጥ ቢቀር ደግሞ አንባቢው የሚያየው ግማሹን እውነት ብቻ ነው።

በ2018 ሁለት ትላልቅ ሙከራዎች በአንድ ቀን ታተሙ። አንዱ በአሜሪካ በ971፣ ሌላው በካናዳ በ886 ሕፃናት ላይ የተካሄዱ ሲሆን፣ ሁሉም ከ3 ወር እስከ 4 ዓመት የሆናቸውና በተቅማጥና ትውከት ታመው ወደ ድንገተኛ ክፍል የመጡ ነበሩ። የአሜሪካው ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ ጂጂን፣ የካናዳው የሁለት ሌሎች ዘሮችን ድብልቅ ለ5 ቀናት ሰጠ። በቀጣዮቹ 14 ቀናት ውስጥ መካከለኛ ወይም ከባድ ሕመም የደረሰባቸው በአሜሪካው ሙከራ ፕሮባዮቲክ ከወሰዱት 11.8 በመቶ፣ ባዶ ዱቄት ከወሰዱት 12.6 በመቶ ሆኑ። በካናዳው ደግሞ 26.1 እና 24.7 በመቶ። በሌላ አነጋገር ልዩነት አልተገኘም። በ2020 የኮክሬን ተመራማሪዎች 82 ሙከራዎችን በአንድነት መርምረው፣ ፕሮባዮቲክ ከ48 ሰዓት በላይ የሚቆይ ተቅማጥን በመቀነስ ረገድ ምናልባት ጥቂት ወይም ምንም ለውጥ አያመጣም ወደሚል መደምደሚያ ደርሰዋል።

«እነዚያ የበለጸጉ አገሮች ሕፃናት ናቸው፤ የእኛ ሌላ ነው» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተገቢም ነው። ኮክሬን የመረመራቸው ሙከራዎች ግን ከድሃም ከሀብታምም አገሮች የመጡ ናቸው። በማላዊ በከባድ የምግብ እጥረት በተጎዱ 795 ሕፃናት ላይ የተደረገውና በ2009 የታተመው ሙከራም ፕሮባዮቲክ ከነምግቡ መስጠት የሕፃናቱን ማገገም እንዳላሻሻለ አሳይቷል።

ይህ ማለት ግን በሁሉም ነገር ከንቱ ነው ማለት አይደለም። አንቲባዮቲክ የሚወስድ ልጅ ከበሽታ አምጪው ጋር የራሱንም ባክቴሪያ ስለሚያጣ ተቅማጥ ሊይዘው ይችላል። በ2019 የኮክሬን ግምገማ፣ በ33 ሙከራዎች ውስጥ ከተካተቱ 6,352 ልጆች መካከል፣ ፕሮባዮቲክ ከተሰጣቸው 8 በመቶ፣ ካልተሰጣቸው 19 በመቶ በዚህ ዓይነት ተቅማጥ ተይዘዋል። የተሻለ ማስረጃ ያላቸው ሁለት ናቸው፤ አንዱ ራምኖሰስ ጂጂ፣ ሌላው ሳካሮማይሰስ ቡላርዲ የተባለ እርሾ ነው። ይህን እርሾ ፈረንሳዊው አንሪ ቡላርድ በ1920ዎቹ በኢንዶቻይና ከፍራፍሬ ልጣጭ አገኘው። እርሾ ባክቴሪያ አይደለምና አንቲባዮቲክ አይገድለውም። የጎረቤቴ ሦስተኛ ካርቶን፣ ያ በቱርክኛ የተጻፈው፣ የያዘው ይህንን ነበር፤ ቋንቋውን ባላውቅም የሳይንስ ስሙ ከነዘር ቁጥሩ፣ መጠኑና የማስቀመጫ ሙቀቱ በግልጽ ታትመዋል። ከሦስቱ የተሻለ መረጃ የሰጠኝ ማንበብ የማልችለው ካርቶን ነው።

ለደኅንነቱም ቢሆን ጥቂት ቃል። ጤናማ ልጅ ላይ ጉዳቱ ጥቂት ነው። ያለ ጊዜያቸው በተወለዱ፣ የመከላከል አቅማቸው በተዳከመ፣ ወይም በደም ሥራቸው ቱቦ በገባላቸው ሕፃናት ላይ ግን ሕያው ተሕዋስያኑ ወደ ደም ሊገቡ ይችላሉ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2023 ያለ ጊዜያቸው ስለተወለዱ ሕፃናት ማስጠንቀቂያ ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ለእነዚህ ሕፃናት ጎረቤት የሰጠችውን ፓኬት መስጠት አይገባም። በሻንጣ የሚመጣ ምርት ደግሞ በአገራችን የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ምዝገባ ውስጥ ያላለፈ መሆኑን ማስታወስ ያሻል።

«የድሮው» ፓኬት

አሁን ጎረቤቴ «የድሮ ነው» ወዳለችው ልመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው መረጃ መሠረት ተቅማጥ በዓመት ከ440 ሺህ በላይ ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን ይገድላል። በአገራችን ከኅዳር 2013 ጀምሮ የሮታ ቫይረስ ክትባት ለሕፃናት መሰጠት መጀመሩ ትልቅ እርምጃ ነው፤ በሽታው ግን አልጠፋም። ተቅማጥ ሕፃኑን ቶሎ የሚገድለው ውኃና ጨው አሟጥጦ ነው።

ውኃ ብቻ ማጠጣት ለምን አይበቃም? የአንጀት ግድግዳ ውኃን በራሱ አይስብም፤ ውኃ የሚከተለው ጨውን ነው። በ1960 ሮበርት ክሬን ሶዲየምና ግሉኮስ በአንጀት ሕዋስ በር ተያይዘው እንደሚገቡ ሐሳብ አቀረበ። አንዱ ያለ ሌላው አይገባም፤ ሁለቱ ሲገቡ ግን ውኃው በኦስሞሲስ ይከተላቸዋል። በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ ኮሌራ የስደተኞችን ካምፕ ሲያጠቃ፣ ሕንዳዊው ሐኪም ዲሊፕ ማሃላናቢስ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሲያልቅበት ጨውና ስኳር በውኃ በርሜል በጥብጦ ሰጠ። 30 በመቶ ገደማ የነበረው የሟቾች ድርሻ ወደ 3.6 በመቶ ወረደ። እኛ «ሕይወት አድን ንጥረ ነገር» የምንለው ፓኬት የዚህ ልጅ ነው።

ከ2002 ጀምሮ የሚመከረው ቅመም በአንድ ሊትር ውኃ 2.6 ግራም የገበታ ጨው፣ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ እና 2.9 ግራም ሲትሬት ነው። ሚዛኑ የተጠና በመሆኑ የውኃውን ልክ መሳት ከባድ ስሕተት ነው። ለአንድ ሊትር የተዘጋጀን ፓኬት በግማሽ ሊትር ሀይላንድ የበጠበጠ ሰው ጨውና ስኳሩን በእጥፍ አወፍሮታል፤ ያን ጊዜ ኦስሞሲስ አቅጣጫውን ቀይሮ ውኃውን ከሰውነት ወደ አንጀት ይጎትታል። ለስላሳ መጠጥና ጣፋጭ ጭማቂም ተቅማጥን የሚያብሱት በዚሁ ምክንያት ነው። ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ቀስ እያሉ መስጠት፣ ጡትና ምግብ አለማቋረጥ፣ ዕድሜው ከ6 ወር በላይ ከሆነም በቀን 20 ሚሊ ግራም ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀናት መስጠት ይገባል። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከደከመ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ሽንቱ ከጠፋ ወይም ዓይነ ምድሩ ደም ካለው ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው እንጂ ካርቶን ማንበብ አያስፈልግም።

እርጎስ? እንጀራስ?

ጉዳዩን ለባልደረቦቼ ሳነሣ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነበር፤ «የራሳችን ፕሮባዮቲክ እያለን ለምን ከውጭ እንገዛለን?» የሚል። እንጀራን በተመለከተ መልሱ አጭር ነው። ሊጡ በእርሾና በባክቴሪያ የተሞላ ቢሆንም ምጣዱ አንድም አያስተርፍም። እንጀራ መልካም ምግብ ነው፤ ሕያው ተሕዋስያን ግን የሉትም።

እርጎ ግን በእርግጥ ሕያው ነው። ወተቱ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሲረጋ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ይበዙበታል። ሆኖም የትኞቹ ዘሮች እንደሆኑ ከቤት ቤት፣ ከቅል ቅል ይለያያል፤ በወይራ ጭስ የታጠነው ቅል አንድ፣ ያልታጠነው ሌላ ነው። ስለዚህ በ2001ዱ ትርጓሜ እርጎ ገና ፕሮባዮቲክ ለመባል አልበቃም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊ ለብዙ ዓመታት እርጎን፣ አይብን፣ እንጀራንና ጠላን መርምረዋል። በ1994 ያሳተሙት አንዱ ጥናታቸው ሊስቴሪያ የተባለው በካይ ባክቴሪያ በሚረጋ እርጎ ውስጥ ምን እንደሚሆን የሚመለከት ነው። ከእንዲህ ያሉ ጥናቶች የምንረዳው አሲዱ በካዮቹን ቢገታም ወዲያውኑ ጠራርጎ እንደማያጠፋ ነው። ካልፈላ ወተት የተሠራ እርጎ ለሕፃን የማይመከረው ለዚህ ነው፤ የሳንባ ነቀርሳና የብሩሴላ ባክቴሪያም በጥሬ ወተት ይተላለፋሉና።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ወተቱን አፍልቶ ለብ ሲል፣ ከፓስቸራይዝድ ወተት ከተሠራ የታሸገ እርጎ አንድ ማንኪያ በእርሾነት ጨምሮ፣ በንጹሕ ዕቃ ከድኖ ማቆየት ነው። «በጎንደር ከፍታ ውኃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ይህ ይበቃል ወይ?» ብሎ አንድ ጎበዝ ተማሪ ጠይቆኛል። ይበቃል። ለፓስቸራይዜሽን 72 ዲግሪ ለ15 ሴኮንድ ከበቂ በላይ ነውና የከፍታው ጉዳይ ወተቱን አያሳስበውም፤ የሚያሳስበው ባቄላ የሚቀቅለውን ሰው ነው። ዕድሜው ከዓመት በላይ የሆነ ልጅ ይህን እርጎ ቢበላ ፕሮቲንና ካልሲየም ያገኛል፤ ባክቴሪያው ቢጠቅመው ምርቃት ነው። በጾም ወራት ግን ብዙ ቤተሰብ ለልጁም እርጎ መስጠት ያቆማል። ልጁ እንዲጾም የሚያስገድደው ሥርዓት ኖሮ አይደለም፤ የቤቱ ዕቃ ይነካካል በሚል ስጋት ነው። ለሕፃኑ የተለየች አንዲት ጎድጓዳ ሳሕንና ማንኪያ ብትገዛ ዋጋዋ ከየትኛውም የፕሮባዮቲክ ካርቶን ያነሰ ነው።

ጎረቤቴ ከአራት ቀን በኋላ ካርቶኖቿን ልትወስድ ተመለሰች። ልጁ ድኖ በእጇ ላይ ይፈራገጣል፤ በዚያች ሰዓት ሽንቱንም ቀሚሷ ላይ ለቆታል። ከኦ.አር.ኤስ. እና ከዚንክ የተነሣ ነው ልል ፈልጌ፣ በአንድ ሕፃን ምንም ማረጋገጥ እንደማይቻል ስለማውቅ ዝም አልኩ። የቱርኩን ካርቶን በጓዳዋ ቀዝቃዛ ቦታ እንድታስቀምጠውና፣ ሐኪም ለልጁ አንቲባዮቲክ ባዘዘ ጊዜ ይዛው ሄዳ ሐኪሙን እንድትጠይቅ ነገርኳት፤ የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜውንም በአማርኛ ጻፍኩበት። ዘሩም ብዛቱም ያልተጻፈበትን ወደገዛችበት ወስዳ ትጠይቅ እንደሆነ ብላት ሳቀች።

«የአሜሪካውስ?» አለችኝ። ሙጫ መሰል ከረሜላ ነው፤ ለትንሹ ልጅ ጉሮሮ አደገኛ ነው፤ በላዩም ከ3 ዓመት በታች ለሆኑ እንዳይሰጥ ተጽፎበታል። የስምንት ዓመቷ ትልቋ ልጅ ግን ከእናቷ ኋላ ቆማ ካርቶኑን ታየው ነበር።

«እሷ ትብላው ጋሼ?»

«ትብላው» አልኳት። «ጥርሷን ትፋቅ እንጂ።»